ኤሌክትሪክና ሃይብሪድ መኪና በለንደን፦ ከየትኛው ክፍያ ነው ነፃ የሆኑት?

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2 ቀን 2026 ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ ወደ ለንደን መሃል የሚገባ ሰው ይከፍላል፤ ቅናሽ አለው እንጂ ነፃ አይደለም። እስከ 2025 የፈረንጆች ገና ድረስ ከተመዘገበ በነፃ ይገባ ነበር። የሃይብሪድ (ከነዳጅ ሞተሩ ጋር ባትሪ ያለው መኪና) ባለቤት ደግሞ እዚያው መሃል ከተማ መክፈል ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ዩሌዝ በሚባለው ሰፊው የጭስ ልቀት ክፍያ ክልል ግን አብዛኛው ሃይብሪድ ዛሬም አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ስለዚህ «መኪናዬ ነፃ ነው» የሚል ሰው ትክክልም ሊሆን ይችላል፣ ተሳስቶም ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት ከየትኛው ክፍያ ነው ነፃ የሆነው የሚለው ነው።

ለንደን ላይ ሕጎቹ ብዙ ቢመስሉም የሚጠይቁት ነገር ሦስት ብቻ ነው። ዩሌዝ ከማርሚታው ምን እንደሚወጣ ይጠይቃል። ኮንጀስሽን ቻርጅ የሚባለው የመጨናነቅ ክፍያ ጭሱ አያገባውም፤ እሱ የሚያስከፍለው መንገዱን ስላጣበቡ ነው። ሦስተኛው በኡበርና በመሳሰሉት ሥራ ላይ ያሉትን ይመለከታል፦ መኪናው ነዳጅ ሳያቃጥል ምን ያህል መሄድ ይችላል? አንድ ሃይብሪድ የመጀመሪያውን አልፎ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ዩሌዝ፦ ባትሪው አይታይም

ዩሌዝ ኤፕሪል 8 ቀን 2019 በመሃል ከተማ ተጀመረ። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 እስከ ኖርዝና ሳውዝ ሰርኩላር መንገዶች ሰፋ፤ ከኦገስት 29 ቀን 2023 ጀምሮ ደግሞ ሁሉንም የለንደን ቦሮዎች (የአስተዳደር ወረዳዎች) ይሸፍናል። ኤም 25 አውራ ጎዳና ከክልሉ ውጭ ነው። ሌት ተቀን ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም፤ የሚያርፈው በፈረንጆች ገና ዕለት ብቻ ነው። መስፈርቱን የማያሟላ መኪና በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፍላል። ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሆነ፣ ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀደም ብሎ ተነሥቶ ትንሽ አለፍ ሲል ቤቱ የገባ ሰው የሁለት ቀን ሒሳብ አለበት። ቆሞ የዋለ መኪና ግን አይከፍልም፤ መነዳት አለበት።

መስፈርቱ ዩሮ በሚባለው የአውሮፓ የጭስ ልቀት ደረጃ ለቤንዚን መኪና ዩሮ 4፣ ለናፍጣ ዩሮ 6 ነው። በጥቅሉ ከ2006 ጀምሮ የተመዘገበ ቤንዚንና ከሴፕቴምበር 2015 በኋላ የተመዘገበ ናፍጣ ያሟላል። ሃይብሪድ የሚባል መደብ እዚህ ውስጥ የለም። የሚመዘነው ከባትሪው ጋር የተዳበለው ሞተር ነው። ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ ዩሮ 4 የሆነ ቤንዚን ሞተር ስላለው፣ አርጅቶም ቢሆን ያልፋል። የሚያልፈው ግን ሃይብሪድ ስለሆነ አይደለም፤ እኩያው የሆነ ተራ ቤንዚን መኪናም ያልፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የናፍጣ ሃይብሪድ ላይ ነው። ከ2015 በፊት ፔዦ 3008 ሃይብሪድ፣ መርሴዲስ ኢ 300 ሃይብሪድ፣ በሶኬት የሚሞላው ቮልቮ ቪ 60 በናፍጣ ሞተር ተሠርተዋል። ከእነዚህ ዩሮ 5 የሆኑት ይከፍላሉ። ቮልቮው ቀኑን ሙሉ በባትሪ ብቻ ቢሄድና ሞተሩ አንዴም ባይነሣ እንኳ 12.50 ፓውንዱ አይቀርለትም፤ ካሜራው የሚያነበው ታርጋ ነው፣ ታርጋው የሚያገናኘው ደግሞ ከመዝገብ ጋር ነው። የዚያን ቀን በምን እንደተነዳ የሚያውቅ የለም። ሻጩ «ሃይብሪድ ነው፣ ዩሌዝ አይነካውም» ካለ፣ መልሱ «ናፍጣ ነው ቤንዚን?» መሆን አለበት።

ሌላው ችግር ከጃፓን ያገለገለ መኪና ሲገባ የሚፈጠረው ነው። የጃፓን መኪና በአውሮፓ ደረጃ ስላልተመዘገበ ዩሮ ስንት እንደሆነ ሊብሬው ላይ ላይጻፍ ይችላል። ስለዚህ የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ቲኤፍኤል፣ ድረ ገጽ ላይ ታርጋው ሲገባ «አያሟላም» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል፣ መኪናው ንጹሕ ሆኖ ሳለ። እንዲህ ሲሆን ሊብሬው ላይ ቪ 3 የሚለውን መስመር ይመልከቱ፤ የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን የሚሰፍረው እዚያ ነው። ለቤንዚን ዩሮ 4 ወሰኑ በኪሎ ሜትር 0.08 ግራም ነው። ቁጥሩ ከዚያ የማይበልጥ ከሆነ የሊብሬውን ቅጂ ለቲኤፍኤል መላክ ነው። መስመሩ ባዶ ከሆነ ከአምራቹ የልቀቱን መጠን የሚገልጽ የማረጋገጫ ሰነድ ማስመጣት ያስፈልጋል። መዝገቡ እስኪታረም ድረስ ሥርዓቱ መኪናውን ካላሟሉት ጋር ይቆጥረዋልና ወረቀቱን መኪናው ከመገዛቱ በፊት መጠየቅ ይሻላል።

ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ከዩሌዝ ጋር ጉዳይ የለውም። ማርሚታ የለውማ።

ኮንጀስሽን ቻርጅ፦ በየጊዜው እየጠበበ የመጣ በር

ይህኛው የቆየው ነው፤ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2003 በ5 ፓውንድ ተጀመረ። አሁን 18 ፓውንድ ነው። በዕለቱ ወይም ቀደም ብሎ ላልከፈለ 21 ፓውንድ ይሆናል፤ የመጨረሻው ቀነ ገደብ ከገቡበት ቀን በኋላ ያለው ሦስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 6 (በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ 12 ሰዓት)፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ደግሞ ከቀኑ 12 እስከ ምሽቱ 6 (በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 12 ሰዓት) ይሠራል። ከገና እስከ የፈረንጆች አዲስ ዓመት በዓል ድረስ አይሠራም። በቀን አንዴ ከከፈሉ ስንት ጊዜ ገብተው ቢወጡ ለውጥ የለውም።

ክልሉ ከዩሌዝ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ በኢነር ሪንግ ሮድ የታጠረው መሃሉ ብቻ። ዙሪያውን የሚሠሩት መንገዶች፣ ሜሪልቦን ሮድ፣ ዩስተን ሮድ፣ ፔንተንቪል ሮድ፣ ታወር ብሪጅ ሮድ፣ ኤለፋንት ኤንድ ካስል፣ ቮክስሆል ብሪጅ ሮድ፣ ፓርክ ሌንና ኤጅዌር ሮድ፣ ራሳቸው አያስከፍሉም። ከእነሱ ወደ ውስጥ ሲታጠፉ በቀይ ክብ ላይ የተጻፈ ነጭ «ሲ» ፊደል አስፋልቱና ምልክቱ ላይ ይታያል። ናቪጌሽን አጭር መንገድ ነው ብሎ በአንዲት ጎዳና በኩል ቢያስገባና ወዲያው ቢያስወጣ 18 ፓውንዱ ያው ነው። ስልኩ ላይ ያለውን መተግበሪያ የክፍያ ክልሎችን እንዲያስወግድ አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል።

አሁን ወደ ቅናሹ ታሪክ። ታሪኩን ማወቅ የሚያስፈልገው ነገ ምን እንደሚሆን ስለሚጠቁም ነው። መጀመሪያ ላይ ፕሪየስ ራሱ በአማራጭ ነዳጅ ስም በነፃ ይገባ ነበር። በ2011 መጀመሪያ ቅናሹ በኪሎ ሜትር 100 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከዚያ በታች ለሚያወጡ መኪናዎች ተሰጠ። ወዲያው ትናንሽ ናፍጣ መኪናዎች ያንን ቁጥር እያሟሉ ከተማውን ሞሉት። በጁላይ 2013 ወሰኑ ወደ 75 ግራም ወረደ፤ ተራው ሃይብሪድ ወጣ፣ በሶኬት የሚሞላው ቀረ። በኤፕሪል 2019 ዩሮ 6 መሆንና ቢያንስ 20 ማይል በባትሪ ብቻ መሄድ ተጨመረ። በኦክቶበር 25 ቀን 2021 በሶኬት የሚሞላውም ተባረረና ሙሉ ኤሌክትሪክና ሃይድሮጅን ብቻ ተረፉ። በዲሴምበር 25 ቀን 2025 እነሱም ነፃነታቸውን አጡ።

ምክንያቱ በየጊዜው አንድ ነው። ክፍያው የተፈጠረው የመኪናውን ብዛት ለመቀነስ ነው፤ ነፃ የሚገቡት ሲበዙ ሥራውን ያቆማል። ቲኤፍኤል የኤሌክትሪክ ነፃነት ቢቀጥል ኖሮ በ2026 በአንድ የሥራ ቀን ወደ 2,200 ተጨማሪ መኪናዎች ክልሉ ውስጥ ይገቡ እንደነበር ገምቷል። ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጭስ ባይኖረውም መብራት ላይ የሚይዘው ቦታ ከናፍጣው አያንስም። ስቶክሆልምም ለአነስተኛ በካይ መኪናዎች ሰጥታ የነበረውን ነፃ መግቢያ በ2012 የዘጋችው በተመሳሳይ ስሌት ነው። የነፃ መግቢያን ዕድሜ ልክ እንደሚቆይ ቆጥሮ መኪና መግዛት በለንደን ታሪክ አንድም ጊዜ አላዋጣም።

ታዲያ ዛሬ ምን ቀረ? ኦቶ ፔይ በሚባለው የቲኤፍኤል ራስ ሰር ክፍያ ለተመዘገበ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል 25 ከመቶ ቅናሽ አለ፤ 18 የነበረው 13.50 ፓውንድ ይሆናል። ለኤሌክትሪክ ቫንና ለጭነት መኪና 50 ከመቶ ነው፣ 9 ፓውንድ። በማርች 2030 እነዚህም በግማሽ ይቀንሳሉ፤ ለአውቶሞቢል 12.5፣ ለቫን 25 ከመቶ ብቻ ይቀራል። ለማንኛውም ዓይነት ሃይብሪድ ቅናሽ የለም።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲሰላ፣ በወር 22 የሥራ ቀን መሃል ከተማ የሚገባ ሃይብሪድ 396 ፓውንድ ይከፍላል፣ ኤሌክትሪኩ 297። በወር 99 ፓውንድ ነው እንግዲህ። ትንሽ አይደለም፣ ግን መኪና የሚያስለውጥም አይደለም። ዩሌዝን የማያሟላ መኪና ይዞ በክፍያ ሰዓት መሃል የሚገባ ሰው ግን ሁለቱንም ለየብቻ ይከፍላል፦ 18 ሲደመር 12.50፣ በቀን 30.50። አንዱን መክፈል ሌላውን አይሸፍንም።

ክልሉ ውስጥ ለሚኖሩ ደግሞ የነዋሪ ቅናሽ አለ፤ 90 ከመቶ ስለሚነሣላቸው በቀን 1.80 ፓውንድ ይከፍላሉ። ከማርች 1 ቀን 2027 ጀምሮ አዲስ የሚያመለክት ነዋሪ ይህን የሚያገኘው ኤሌክትሪክ መኪና ካለው ብቻ ነው። ቀድሞ የተመዘገበ በያዘው ይቀጥላል። እዚያ ሠፈር ቤት ሊከራይ ያሰበና ሃይብሪድ ያለው ሰው ቀኗን ልብ ይበል።

የአካል ጉዳተኛ ሰማያዊ ባጅ ያለው ሰው 10 ፓውንድ የመመዝገቢያ ከፍሎ ከኮንጀስሽን ቻርጅ ሙሉ በሙሉ ነፃ ይሆናል፤ መኪናው ምንም ይሁን ምን። ባጁ ብቻውን ከዩሌዝ ግን አያድንም።

ኦቶ ፔይ የሚበላሸው የት ላይ ነው

ኦቶ ፔይ ማለት ካሜራው ታርጋውን ባየ ቁጥር ሒሳቡ በራሱ ተይዞ በወሩ ከካርድ የሚቆረጥበት መንገድ ነው። በቲኤፍኤል ድረ ገጽ አካውንት ይከፈታል፣ ታርጋው ይገባል፣ ካርድ ይያያዛል። ለኤሌክትሪክ መኪና ቅናሹ ያለው በዚህ በኩል ብቻ ነው፤ በየቀኑ በስልክ ወይም በድረ ገጹ የሚከፍል የኤሌክትሪክ ባለቤት ሙሉውን 18 ይከፍላል። አረንጓዴ መስመር ያለው ታርጋ ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ለኤሌክትሪክ መኪናዎች የተፈቀደ ነው፣ ግን ለክፍያው ምንም ፋይዳ የለውም። ካሜራው ፊደልና ቁጥር እንጂ ቀለም አያስተናግድም፤ አረንጓዴ የለጠፈ ሁሉ ተመዝግቧል ማለትም አይደለም።

ተመዝግበው እያለ የቅጣት ደብዳቤ የሚደርሳቸው ሰዎች ችግር ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ካርዱ ጊዜው አልፎበት ወይም ባንኩ ቀይሮት ክፍያው ሳይሳካ ይቀራል፤ አካውንቱ ይታገዳል፣ ማስጠንቀቂያው ማንም የማይከፍተው ኢሜይል ውስጥ ይቀመጣል፣ መኪናው ግን መግባቱን አላቆመም። ሌላው መኪና ተቀይሮ አዲሱ ታርጋ አለመጨመሩ ነው። ከዚህ የባሰው ግን የተሸጠውን መኪና ከአካውንቱ አለማውጣት ነው፤ ገዢው በገባ ቁጥር የሚቆረጠው ከሻጩ ካርድ ነው። መኪና የሸጡ ዕለት ሊብሬውን ከመላክዎ ጎን ለጎን ይህንንም ያውጡ።

በእጅ የሚከፍል ሰው ላይ ደግሞ የታርጋ ስህተት ይበዛል። የተለመደው የእንግሊዝ ታርጋ ሁለት ፊደል፣ ሁለት ቁጥር፣ ከዚያ ሦስት ፊደል ነው፤ «ኦ» ፊደል በዜሮ ቦታ፣ ወይም ዜሮ በ«ኦ» ቦታ ከተጻፈ ክፍያው ለሌላ መኪና ይውላል። ሦስተኛና አራተኛው ብቻ ቁጥር እንደሆኑ ካወቁ መለየት ቀላል ነው። ጉግል ላይ ሲፈልጉ ከላይ በማስታወቂያ የሚመጡት አንዳንድ ገጾች ደግሞ የቲኤፍኤል አይደሉም፤ የራሳቸውን ኮሚሽን ጨምረው የሚያስከፍሉ አሉ፣ ከፍሎም ቅጣት የሚደርሰው ሰው አለ።

በሚኒካብ ሥራ ላይ ላሉ

በለንደን በሹፍርና የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉምና ይህን ለብቻው እንየው። የሚኒካብ (እንደ ኡበር ታዝዞ የሚመጣ መኪና) ፈቃድ ያላቸው መኪናዎች ከኮንጀስሽን ቻርጅ ነፃ የነበሩት እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ነው። ከዚያ ወዲህ ነፃ የሚገባው ዊልቸር የሚያስገባ ሚኒካብ በሥራ ላይ ሲሆን ነው፤ ጥቁር ታክሲዎቹ ግን እስካሁን ነፃ ናቸው። ኤሌክትሪክ ያለው የሚኒካብ ሹፌር ዛሬ እንደማንም ሰው 13.50 ይከፍላል። ከፋዩ እሱ ነው ወይስ ከደንበኛው ይካካሳል የሚለው በሚሠራበት ኩባንያ አሠራር ስለሚወሰን፣ የሒሳብ መግለጫውን አይቶ ማረጋገጥ ነው።

የፈቃዱ ነገር ከክፍያው ይበልጣል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚኒካብ ፈቃድ የሚጠየቅበት መኪና ዩሮ 6 ሆኖ ያለ ጭስ መሄድ የሚችል መሆን አለበት። መለኪያው ሁለት አማራጭ አለው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኪሎ ሜትር ከ50 ግራም ካልበለጠ ቢያንስ 10 ማይል በባትሪ መሄድ፤ እስከ 75 ግራም ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 20 ማይል። ዩሮ 6 የሆነ በሶኬት የሚሞላ ፕሪየስ ያልፋል። ሶኬት የሌለው፣ ሹፌሮች ለዓመታት እንጀራቸውን የጋገሩበት ተራው ፕሪየስ ግን ለአዲስ ፈቃድ አይሆንም። ቀድሞ ፈቃድ ያለው በ10 ዓመቱ የዕድሜ ጣሪያ እስኪደርስ ያሳድሳል። ስለዚህ ያገለገለ ተራ ሃይብሪድ «ዩሌዝ ያሟላል» ተብሎ ለሥራ ሲሸጥ፣ አባባሉ እውነት ሆኖ መኪናው ለሥራው ላይሆን ይችላል።

ማይልድ ሃይብሪድ የሚባለው ደግሞ፣ ትንሽ ባትሪ ሞተሩን የሚያግዝበት፣ በሁሉም ሕግ ፊት ተራ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው። መለያው ጀርባ ላይ «ሃይብሪድ» ስለተጻፈበት ዋጋ መጨመር ከንቱ ነው።

ከመሃል ከተማ ውጭ

ከኤፕሪል 7 ቀን 2025 ጀምሮ ብላክዎልና አዲሱ ሲልቨርታውን ዋሻ በክፍያ ሆነዋል፤ ከጠዋቱ 6 እስከ ማታ 10። ለአውቶሞቢል በመጨናነቂያ ሰዓት 4 ፓውንድ፣ በሌላው ሰዓት በኦቶ ፔይ ለተመዘገበ 1.50 ነው። ኤሌክትሪክ የግል መኪናም ይከፍላል።

በበርሚንግሃም ከጁን 2021 ጀምሮ 8 ፓውንድ፣ በብሪስቶል ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ 9 ፓውንድ የሚያስከፍሉ ክልሎች አሉ። መስፈርቱ የዩሌዝ ዓይነት ነው፣ ዩሮ 4 ቤንዚንና ዩሮ 6 ናፍጣ። የለንደን ኦቶ ፔይ እዚያ አይሠራም፤ የሚከፈለው በመንግሥት የጋራ ድረ ገጽ ሲሆን ከጉዞው ስድስት ቀን በፊት እስከ ስድስት ቀን በኋላ መክፈል ይቻላል። ኦክስፎርድ ግን ጠበቅ ትላለች፦ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በመሃሏ ባሉ ጥቂት መንገዶች ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 7 በነፃ የሚያልፈው ጭስ አልባ መኪና ብቻ ነው። በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ እንኳ ይከፍላል፣ መጠኑ ይነስ እንጂ።

ቅጣት ሲመጣ

በለንደን የሁለቱም ክፍያዎች ቅጣት 180 ፓውንድ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ከተከፈለ 90። ዝም ከተባለ ወደ 270 ያድጋል። ሁለቱም ከተጣሱ ሁለት ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤው የሚላከው ሊብሬው ላይ ባለው አድራሻ ስለሆነ፣ ቤት ቀይሮ አድራሻ ያላስተካከለ ሰው የሚያውቀው 270 ከሆነ በኋላ ሊሆን ይችላል። የኪራይ መኪና ከሆነ አከራዩ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮበት ያስተላልፈዋል።

መቃወም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አይክፈል፤ መክፈል ጉዳዩን ይዘጋዋል። በ28 ቀን ውስጥ ለቲኤፍኤል በጽሑፍ ተቃውሞ ያቀርባል። ከማብራሪያው ጋር የሚያያዘው ማስረጃ ነው ወሳኙ፦ ኦቶ ፔይ በዚያ ቀን ንቁ እንደነበር የሚያሳይ ገጽ፣ በተሳሳተ ታርጋ የተከፈለበት ደረሰኝ ከትክክለኛው ታርጋ ጋር፣ መኪናው የተሸጠበት ቀን ያለበት ወረቀት፣ ወይም ቪ 3 ላይ ቁጥሩ የሚታይበት ሊብሬ። «ኤሌክትሪክ ስለሆነ ነፃ መስሎኝ ነበር» የሚለው ምክንያት አይቆጠርም። ቲኤፍኤል ካልተቀበለ ውድቅ ያደረገበትን ደብዳቤ ይልካል፤ ከዚያ በኋላ ባለው 28 ቀን ውስጥ ገለልተኛ ለሆነው የለንደን ትራይቡናል ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ ይግባኙም ገንዘብ አይጠይቅም።